ንዕማንና የቡናችን ጨው፦ ስለ ደም ግፊት ሕሙማንና ስለ ቤተሰቦቻቸው



በዚህ እትም ልናስተምርበት የመረጥነው ጉዳይ ከመሠዊያው ይልቅ ከማድ ቤት የሚጀምር ስለሆነ፣ አንዳንዶቻችሁ «ይህ የሐኪም እንጂ የካህን ነገር ነውን?» ትሉ ይሆናል። እኛም ራሳችን ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስናስብ ኖረናል። ሐሳባችንን ያስለወጠን በአንድ ወንድማችን ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን መካከል አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ታሪካቸውን እንድንናገር ግን እሳቸውም ባለቤታቸውም ፈቅደውልናል። ከሃያ ዓመት በላይ ከነቀምቴ ወጣ ባሉ መንደሮች በእግራቸው እየተዘዋወሩ ሕፃናትን ጸሎት ያስተማሩ፣ ሙሽሮችን ያዘጋጁ፣ ካህን በማይደርስበት ቦታ ሙታንን በጸሎት የሸኙ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የደም ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘና መድኃኒት ታዘዘላቸው። ለጥቂት ወራት ዋጡ። ሰውነታቸው ቀለል ሲላቸው «ድኛለሁ» ብለው አንዱን ቀን እየዋጡ ሌላውን እየዘለሉ ቆዩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንክብሉ ጾም የሚያፈርስ መሰላቸው፤ እሑድ ጧትም ከቅዳሴ በፊት መዋጡ ከቁርባን የሚያስከለክል መሰላቸው። እንዲህ እያለ ጭራሽ ቀረ። ከዕለታት አንድ ቀን ንጋት ላይ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው አልታዘዝ አላቸው።

ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። «አባታችን ሆይ» ለማለት ሞከሩ፤ ከሁለተኛው ቃል አላለፉም። ያን ጸሎት ለስንት መቶ ሕፃናት እንዳስተማሩ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ቤት ስንወጣ እርስ በርሳችን የተነጋገርነው አንድ ነገር ነው። ለእኚህ ሰው ስለ ጾም ባስተማርንባቸው በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ስለ መድኃኒት አንዲት ቃል እንኳ አልነገርናቸውም ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ዕዳ ነው።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ልብ ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ ስትገፋ ደሙ የደም ሥሮችን ግድግዳ ይጫናል፤ ይህ ጫና ያለ ማቋረጥ ከፍ ብሎ ሲኖር የደም ግፊት፣ በአገራችን አነጋገር ደም ብዛት፣ እንለዋለን። ሐኪሞች በተለያዩ ቀናት ለክተው የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲያገኙት በሽታው አለ ይላሉ። ከሁሉ የሚከፋው ጠባዩ ዝምታው ነው። ብዙ ሰው ራሱን ሳያመው፣ ሳያዞረው፣ እርሻውን እያረሰ ንግዱን እየነገደ ለዓመታት ይኖራል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ግን የአንጎል፣ የልብ፣ የኩላሊትና የዓይን ደም ሥሮች ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ጎልማሶች ይህ በሽታ እንዳለባቸው፣ ከእነርሱም ግማሽ የሚሆኑት ስለ መታመማቸው እንደማያውቁ ገልጿል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ጎልማሶች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እሑድ ቅዳሴ ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር የሚቀመጡትን ሰባት ሰዎች ብትቆጥሩ፣ አንዱ እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 5 የሶርያው ጦር አለቃ ንዕማን ታሪክ ተጽፎ እናገኛለን። ኃያል ሰው ነበር፤ ግን ለምጻም ነበር። ብርና ወርቅ፣ የክብር ልብስ አስጭኖ፣ የንጉሥ ደብዳቤ ይዞ፣ በሠረገላ ወደ ኤልሳዕ ደጅ መጣ። ነቢዩ ከቤቱ እንኳ አልወጣም። ሰው ልኮ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ብቻ ነገረው። ንዕማን ተቆጣ። ነቢዩ ወጥቶ፣ በፊቱ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ታላቅ ነገር ያደርግልኛል ብሎ ጠብቆ ነበርና። ደግሞስ የደማስቆ ወንዞች ከዚህ ከዮርዳኖስ ምን አነሳቸው? ብሎ ዞሮ ሊሄድ ተነሣ።

ንዕማንን የመለሱት አገልጋዮቹ ናቸው። ነቢዩ ከባድ ነገር ቢያዝህ ኖሮ አታደርገውም ነበርን? እንግዲያስ ይህን ቀላሉን ለምን ትንቃለህ? ሲሉ በፍቅርና በአክብሮት ተናገሩት። ወረደ፤ ሰባት ጊዜ ጠለቀ፤ ሥጋውም እንደ ሕፃን ሥጋ ሆነ። ስለ ዮርዳኖስ ውኃ ብዙ ስብከት ሰምተናል። በቤቱ ስለነበሩት፣ ስማቸው ስላልተጻፈው ሰዎች ግን ጥቂት ብቻ ነው የሰማነው። መዳኑ የተንጠለጠለው በእነርሱ አፍ ላይ ነበር። መጀመሪያ ነቢዩን የጠቆመችውም ተማርካ የመጣች አንዲት ታናሽ ብላቴና ነበረች።

የደም ግፊት ሕመምተኛ ከንዕማን ጋር በብዙ ይመሳሰላል። አዲስ አበባ ድረስ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ከብት ሸጦ፣ በትልቅ መሣሪያ ታይቶ፣ አንድ ኃይለኛ መርፌ ተወግቶ ቢገላገል ደስ ይለዋል፤ ይህ ለክብሩ የሚመጥን ሕክምና ነው። ሐኪሙ ግን የሚነግረው ጨው ቀንስ፣ ጎመን ብላ፣ በእግርህ ሂድ፣ አረቄውን ተው፣ ይህችን ትንሽ እንክብል በየቀኑ ዋጥ የሚል ነው። «ይህን ለመስማት ነው እንዴ የመጣሁት?» ብሎ ይወጣል። ዴዴሳም አንገርም ውኃ ናቸው፣ ዮርዳኖስ ምን ይለያል? እንደ ማለት ነው። ንዕማን ሰባት ጊዜ ብቻ ነበር የታዘዘው። የኛ ሕመምተኛ ዕድሜውን ሙሉ ነው፤ ስለዚህ አገልጋዮቹም ዕድሜውን ሙሉ ያስፈልጉታል።

ይህ ትንሹ ትእዛዝ በእውነት እንደሚሠራ ተፈትኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ለ459 ጎልማሶች ለስምንት ሳምንታት የተለያየ ምግብ እየቀረበላቸው ግፊታቸው ተለካ። አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ ወተት በብዛት ከተሰጣቸው መካከል አስቀድሞ የደም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው በ11 ነጥብ ያህል ወረደ፤ ይህም አንድ መድኃኒት ከሚያወርደው የሚስተካከል ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጨውም አብሮ ሲቀነስ ውጤቱ የበለጠ ሆነ። ይህን ስናነብ ነቢዩ ዳንኤል ትዝ ይለናል። በምዕራፍ 1 እንደምናነበው፣ እርሱና ሦስቱ ጓደኞቹ የንጉሡን ማዕድ ትተው ለአሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ወስደው ፊታቸው ከሌሎቹ አምሮ ተገኘ። ዳንኤል ያን ያደረገው ለሕጉ ታማኝነት እንጂ ለደም ግፊት አይደለም፤ ነገር ግን ለአለቃው «ፈትነንና እይ» የሚል አነጋገሩ ለየትኛውም ሐኪም የሚያስደስት ነው። አራቱም ደግሞ አብረው ነበሩ። ዳንኤል ብቻውን ጥራጥሬ ሲበላ ሦስቱ ከንጉሡ ማዕድ ሥጋ ቢቆርጡ ኖሮ፣ አሥሩ ቀን ይሞላ ነበር ብለን አናስብም።

ይህ «አብረው» የሚለው ቃል የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በፊንላንድ ሰሜን ካሬሊያ በምትባል አውራጃ የልብ በሽታ ወንዶችን በጎልማሳነታቸው እየቀጠፈ ስላስቸገረ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 የአኗኗር ለውጥ ፕሮግራም ተጀመረ። ሐኪሞቹ በሆስፒታል ተቀምጠው ሕመምተኛ አልጠበቁም። በዚያች አገር በወንጌል በምናውቃት በማርታ ስም የተሰየመ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የተቋቋመ የሴቶች ማኅበር አለ። የማኅበሩ እናቶች በየመንደሩ የግብዣ ምሽት እያዘጋጁ ጨውና ቅባት የቀነሰ ወጥ እንዴት እንደሚጣፍጥ ጎረቤቶቻቸውን በተግባር አሳዩ። ከሌሎች ብዙ ሥራዎች ጋር ተደምሮ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ በልብ በሽታ የሚሞቱት ወንዶች ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ማርታ በብዙ ነገር ትታወካለች ተብላ በጌታ የተገሠጸች ብትሆንም፣ በዚህ ጊዜ በማድ ቤቷ ብዙ ነፍስ አትርፋለች እንላለን።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ይኸኛው ወደ ደጃችን የቀረበ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በ32 አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ 373 ጥቁር አሜሪካውያን የደም ግፊት ሕሙማን በጥናት ተከፋፈሉ። በግማሹ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሐኪም ያልሆኑ ነገር ግን የሠለጠኑ ምእመናን ለ11 ሳምንታት በቡድን ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ መድኃኒት አወያዩአቸው፤ ጸሎትና ቅዱስ መጽሐፍም ከትምህርቱ አልተለየም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት፣ በስድስተኛው ወር የእነዚህ ሰዎች የላይኛው ቁጥር ከሌሎቹ ይልቅ በ6 ነጥብ ያህል የበለጠ ወርዶ ተገኝቷል። በዘጠነኛው ወር ሲለካ ግን ልዩነቱ በእርግጠኝነት የሚባል አልነበረም። ይህን ያልደበቅነው ሆን ብለን ነው። ስብሰባው ሲላላ ሰውም ይላላል። የጸሎት ሕይወትም ቢሆን እንዲሁ አይደለምን?

እንግዲህ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎ ሆነን ነገሩን ስንመለከተው ከሁሉ በፊት የሚገጥመን ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ማለት ሲሆን በወጡ፣ በዳቦው፣ በሚጥሚጣው፣ በቆጭቆጫው ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው። በ2015ቱ አገራዊ ጥናት የኢትዮጵያዊ አማካይ ፍጆታ ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገምቷል። በወለጋ ደግሞ ሌላው ኢትዮጵያዊ ሲሰማ የሚገርመው ልማድ አለን፤ ቡናችንን በጨው እንጠጣለን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ ስኒ ቁንጥር ጨው ያርፍበታል፤ ቡና በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት እነዚያ ቁንጥሮች ሲደመሩ ገና ወጡ ሳይቀርብ የቀኑን ድርሻ ግማሽ ሊወስዱ ይችላሉ። በቅቤ የሚቆላው የቡና ፍሬም፣ ቅቤው የሚንሳፈፍበት ጩምቦና ገንፎም ለበዓል የሚያኮሩ ምግቦቻችን ናቸው፤ ጨውና ቅቤ ግን በየቀኑ በዓል የላቸውም።

ጨው በዚህ አገር ክቡር የሆነበት ምክንያት አለው። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በቅሎና ግመል ተጭኖ እስከ ምዕራብ ገበያዎች እየደረሰ ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ጨው የበዛበት ወጥ የደግ ቤት ምልክት፣ ጨው ያነሰው የንፉግ ቤት ምልክት ሆኖ የቀረው ከዚያ ዘመን ይመስለናል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን የምድር ጨው ብሎ በጠራቸው ጊዜ፣ ጥቂት ሆኖ ብዙውን የሚያጣፍጥ ነገር እንዲሆኑ ነው። ጥቂት መሆኑ ከምሳሌው ውስጥ ነው። (አገራችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ትላለች፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በሎሚ ወጥ ማጣፈጥ የቻለች እናት ለጨው ይህን ተረት ብትነግረው ትክክል ናት።) ይህን ስንል ጨው ፈጽሞ ይቅር ማለታችን አይደለም። በደጋ አገራችን እንቅርት የሚያስቸግር ስለሆነ፣ የምንጠቀመው ጥቂቱ ጨው አዮዲን ያለው ይሁን።

ለመሆኑ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ጨው መቀነስ ይችላልን? ድስቱ አንድ ነው፤ መሶቡም አንድ ነው። ለአባወራው ለብቻ በትንሽ ድስት ይሠራለት ከተባለ በመጀመሪያው ሳምንት ይሠራል፤ በሦስተኛው ሳምንት እናት ይደክማታል፤ እርሱም «ሆስፒታል የተኛሁ አስመሰላችሁኝ» ብሎ ወደ ትልቁ መሶብ ይመለሳል። ታማሚዋ እናት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ለሌላው ሁሉ እየጨመረች ለራሷ የተለየ የምትሠራ እናት ገና አላየንም። ስለዚህ ሐኪሙ ለአንድ ሰው የጻፈው ምክር ለቤተሰቡ ሁሉ እንደተጻፈ መቀበል ይገባል። ይህም ሌላውን የሚጎዳ አይደለም፤ ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ ጥቂት ጨው ቢለምዱ በአርባ ዓመታቸው የሚያመሰግኑን እነርሱ ናቸው።

ከቤት ወጥተን ወደ ጎረቤት፣ ወደ ዕድር፣ ወደ ሰርግ ስንሄድ ሌላ ፈተና ይጠብቀናል። እንግዳ ተቀባይነታችን መልካም ነው፤ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ያደረገው ነው። ግን አንድ ሰው «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲል «በሞቴ ይችን ብቻ» ማለታችን ምን ይባላል? በሞቴ እያልን የምናጎርሰው በእርሱ ሞት ነው። በዚህ ጥፋት ካህናት ከማንም አናንስም። በየቤቱ ስንዞር የቀረበልንን ሁሉ ደስ ብሎን እንበላለን፣ ጨው ያለበትን ቡና እንጠጣለን፣ ባለቤቱ ሕመምተኛ መሆኑን እያወቅን «አብረውን ይጠጡ እንጂ» እንላለን። ካህኑ ያለ ጨው ስኒ ቢጠይቅ ያ ሕመምተኛ ያለ ኀፍረት ሊጠይቅ እንደሚችል እናውቅ ነበር፤ ግን አላደረግነውም።

በተረፈ ሌላው ምክር የታወቀ ነው። አረቄና ጠጅ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ጫትም ልብን ያስሮጣል፤ ሲጋራ ለደም ሥር ጠላት ነው። በየሳምንቱ ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለትም አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ይመከራል፤ ገበሬው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል፣ ከገበያ ወደ ቤቱ ለሁለት ማቆሚያ ባጃጅ የሚይዘው የከተማ ሰው ግን አያደርገውም። አንጮቴ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ከየጓሮአችንና ከየገበያችን የሚገኙ ናቸው። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ብቻ ስለ ምግቡ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበን እንመጣለን። የአኗኗር ለውጥ መድኃኒትን የሚተካው አንዳንዴ፣ ገና በጅምሩ፣ ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ነው። ለብዙዎች ሁለቱም አብረው ያስፈልጋሉ። ነጭ ሽንኩርት መብላት፣ ሽፈራው ማፍላት፣ ጸበል መጠጣት እንክብሉን አይተኩም። ጸሎትም መድኃኒትን አይሻርም፤ መድኃኒትም ጸሎትን አያሳንስም። የሲራክ መጽሐፍ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ ጌታ መሆኑን፣ አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምረናል፤ በዚያው ምዕራፍ ሕመምተኛው እንዲጸልይም ያዝዛል። ሐዋርያው ጳውሎስ በእጁ ሕሙማን የተፈወሱለት ሰው ሆኖ ሳለ፣ ለልጁ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም የመከረው በዘመኑ እንደ መድኃኒት ይቆጠር የነበረውን ጥቂት ወይን ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2288 ሕይወትና ጤና ከእግዚአብሔር የተቀበልናቸው ውድ ስጦታዎች ስለሆኑ በአግባቡ ልንጠብቃቸው እንደሚገባ ይናገራል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ ሥጋን ጣዖት እንዳናደርገው ያስጠነቅቃል።

በዚህ አገር ወንጌልና ሕክምና አንድ ላይ ነው የገቡት። እ.ኤ.አ. በ1852 ዓባይን ተሻግረው ወደ ጉዱሩ የደረሱት አቡነ ማስያስ፣ በኋላ ካርዲናል የሆኑት ጉልየልሞ ማሳያ፣ ሕዝቡን ከፈንጣጣ ለመከላከል ስለሚከትቡ ስማቸው ከፈንጣጣ ጋር ተያይዞ ይነገር ነበር። ከስብከታቸው በፊት ክትባታቸው በር ይከፍትላቸው ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬም ደናግል በየክሊኒካቸው፣ በጊምቢ የአድቬንቲስት፣ በአይራ የመካነ ኢየሱስ ወንድሞቻችን በሆስፒታሎቻቸው፣ መንግሥትም በጤና ጣቢያዎቹና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ስለ ጾምና ስለ ቁርባን ግን በግልጽ እንናገር፤ ወንድማችን ያላወቁት ይህ ነበርና። የላቲን ሥርዓት ሕግ ቀኖና ቁጥር 919 ቅዱስ ቁርባን የሚቀበል ሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ እንዲጾም ሲያዝዝ፣ ውኃንና መድኃኒትን በግልጽ ለይቶ አስቀርቷቸዋል። ውኃና መድኃኒት የቁርባንን ጾም አያፈርሱም። በዕድሜ የገፉ፣ የታመሙ፣ እነርሱንም የሚያስታምሙ ሰዎች በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ምግብ ቢቀምሱ እንኳ መቀበል ይችላሉ። እንክብልህን እሑድ ጧት በጥቂት ውኃ ውጠህ ና፤ ጌታ በደስታ ይቀበልሃል። በዐቢይ ጾም ደግሞ የጾም ግዴታ ከ18 ዓመት እስከ 60ኛው ዓመት መግቢያ ያሉትን ይመለከታል፤ ጾሙ የሚጎዳው ሕመምተኛ አይገደድም። የግእዝ ሥርዓት የምትከተሉ ምእመናን የራሳችሁ ደንብ ስላለ ቆሞሳችሁን ጠይቁ፤ እርሱም መድኃኒታችሁን ተዉ እንደማይላችሁ እንተማመናለን። መጾም የሚፈልግ ሕመምተኛ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ጨው የቀነሰ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እየጾመ ነው ብንል አላበዛንም።

«አባቶቻችን፣ እኛ መቼ ተረጋግተን ነው ስለ ጨው የምናስበው?» የሚሉን አሉ፤ ትክክል ናቸው። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ግጭትና መፈናቀል ብዙውን ቤተሰብ ነክቷል። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ተቋርጧል፤ ከቤቱ በሌሊት የወጣ ሰው እንክብሉን አልያዘም፤ እንቅልፍ ያጣና ልጁን የቀበረ ሰው ግፊቱ ከፍ ቢል አያስደንቅም። ለእነዚህ ሰዎች «ጭንቀት ቀንሱ» ብሎ መምከር ስድብ ይሆናል። ማድረግ የሚቻለው ግን አለ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ስም በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙት፤ መድኃኒቱ አምስት ቀን ሲቀረው እንጂ ሲያልቅ ለመግዛት አትነሡ፤ መንገድ እንደሚዘጋ ከተሰማ የአንድ ወር አስቀድማችሁ ውሰዱ። በቁምስናው ያለው የበጎ አድራጎት ክፍል ደግሞ እንክብል የሚገዛበት ገንዘብ ያጣውን እንደ ተራበ ሰው ይቁጠረው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሐኪም ሁኑ አንላችሁም። ከምእመናን መካከል ነርስ ወይም ጤና ረዳት የሆነ ሰው የሌለበት ቁምስና ጥቂት ነው። እርሱ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግፊት እንዲለካ ጠይቁት። የሚለካው ሰው አምስት ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጥ፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፤ ክንዱን ከልቡ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ፤ ሲለካ አያውራ፤ ሁለት ጊዜ ይለካ። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው ሲገኝ በሰው ፊት አይነገር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ቀድሞ ከታወቀባቸው ሰዎች ደግሞ ስምንት አሥር የሚሆኑትን ከነባለቤቶቻቸው ሰብስባችሁ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የንዕማንን ምዕራፍ አንብባችሁ፣ ማን ስንት ቀን እንክብሉን እንደዘለለ፣ ማን ሰርግ ላይ እንደተሸነፈ ያለ ኀፍረት ተነጋገሩ። የሚጀምሩበት ቀን ቢያስፈልግ የካቲት 4 አለ፤ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የሕሙማን ቀን ብለው የደነገጉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በዓለም ሁሉ የሚከበረው ቀን ነው። በዚያ ቀን ምሥጢረ ቀንዲል ከሚሰጥበት አጠገብ መለኪያው ቢቀመጥ አያሳፍርም።

በመጀመሪያ የጠቀስናቸው አባት ዛሬ በበትር ይሄዳሉ። ቃላቸው ገና ሙሉ አልተመለሰም፤ «አባታችን ሆይ»ን ግን ቀስ ብለው እስከ ፍጻሜው ይደርሳሉ። እንክብላቸውን ጧት ጧት የምትሰጣቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ የሰባት ዓመት ልጅ ስለሆነች አንድም ቀን አታስዘልላቸውም። ባለቤታቸው የጨውን ሰሐን ከረከቦቱ አንሥተዋል። ጎረቤቶች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ከእነርሱ አንዷ «እትዬ፣ ይኼ ቡና ነው ወይስ የታጠበ ስኒ?» ብላ ነበር። በመጨረሻ ጨው የፈለገ ከየቤቱ ይዞ እንዲመጣ ተስማሙ። በጎበኘናቸው ጊዜ ይህ ስምምነት አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ጨው ይዞ የመጣ ጎረቤት አልነበረም።